ዘጠኝ በግና አምስት ሲኒ

ጥር 17፣ 2017

ነገሩን የጀመረው ዝይ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ስለ ዝይ ቀለብ ሳነብ አመሸሁ። ለምን ብትሉኝ መልስ የለኝም። እኛ ጋ ዝይ የሚበላ ሰው አላውቅም። አንዳንድ ግቢ ውስጥ እንደ ዘበኛ ይጮኻል እንጂ ድስት አይገባም። መንዝ ጓሳ ላይ የሚታየው ክንፈ ሰማያዊ ዝይማ የአገራችን ብቻ ነው።

ያነበብኩት ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ወፍ የበላው ዘይት ብዙ ሳይለወጥ ገላው ላይ ያርፋል። ቢጫ በቆሎ ከበላ ቆዳውና ስቡ ቢጫ ይላል። ተልባ ከበላ ስቡ ይለሰልሳል። ከልክ በላይ እህል ከበላ ደግሞ ጉበቱ ራሱ ስብ ይሆናል፤ ወፍ ስቡን በዋናነት የሚሠራው ጉበቱ ውስጥ ነውና። ፈረንሳዮች የሚወዱት የሰባ የዝይ ጉበት የመጣው ከዚህ ነው። በግ ደግሞ ሌላ ነው። ስቡን የሚሠራው እዚያው በሚያስቀምጥበት ቦታ ነው፤ ላቱ ላይ፣ ኩላሊቱ ዙሪያ፣ ሥጋው መሃል።

ታዲያ በግስ ቀለቡን ብንቀይርለት ስቡ ይቀየራል? ሦስት ወር የሚያደክመኝ ጥያቄ ይኼ ነው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ደብረ ብርሃን ገበያ ወጥቼ ዘጠኝ የመንዝ ጠቦት ገዛሁ። የጥምቀት ግርግር ስላለፈ ዋጋው ረገብ ብሏል፤ አንዱ በአማካይ 6 ሺህ ብር ወጣበት። ሁሉም የዓመት ገደማ ናቸው፤ አንዱም የወተት ጥርሱን አልጣለም። ሁለቱ ጥቁር ናቸው። ጥቁሮቹን የወሰድኩት ስለረከሱ ነው። ለበዓል ጥቁር በግ የሚፈልግ ጥቂት ነው። ድሮ የመንዝ በርኖስ የሚሠራው ከጥቁር በግ ጠጉር ስለነበር እንዲህ አይናቅም ነበር።

አንድ የማውቃቸው የበግ ነጋዴ አሉ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሚዛን ተሸክሜ ሲያዩኝ ሳቁ።

«አንተ ልጅ፣ በግ በእጅ ነው የሚመዘን» አሉኝ።

ከዚያ እጃቸውን ወገቡ ላይ አሳርፈው ሁለት ጣታቸውን በአከርካሪው ግራና ቀኝ አስኬዱ። «ይሄ ባዶ ነው። ይሄኛው ግን አጥንቱ ሰፊ ነው፤ ይይዛል።» ይይዛል ማለት ከተቀለበ ሥጋ ይቀበላል ማለት ነው። ከዘጠኙ ስድስቱን የመረጡልኝ እሳቸው ናቸው። ሦስቱን እኔ ራሴ መረጥኩ። የማን ምርጫ እንደበለጠ ወደፊት እናያለን።

ጥር 18

ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ መዘንኳቸው። ከበሉና ከጠጡ በኋላ ከመዘናችሁ የምትመዝኑት ሆዳቸውን ነው። ሚዛኑ የሚንጠለጠለው ዓይነት ነው። የማዳበሪያ ከረጢት አራት ቦታ ቀድጄ እግራቸውን አሾለክሁና ሰቀልኳቸው። ሁለቱ ዝም ብለው ተንጠለጠሉ። ጥቁሩ ግን እላዬ ላይ ሸናብኝ። አማካዩ 17.6 ኪሎ ነው።

የላታቸውንም ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካሁ። በጣም ሰፊው ቦታ ላይ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ አየችኝና «ሱሪ ልታሰፋለት ነው?» ብላ ሄደች።

ከዚያ ሦስት ሦስት አድርጌ ከፋፈልኳቸውና አንገታቸው ላይ ክር አሰርኩ።

ነጭ ክር ያሠሩት ድርቆሽ እንዳሻቸው፣ በዚያ ላይ በቀን 150 ግራም ፉርሽካ ብቻ። ቀይ ክር ድርቆሽና 300 ግራም ድብልቅ፤ ሁለት እጅ ፉርሽካ፣ አንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይቱ ተጨምቆ የቀረ ኑግ። አረንጓዴ ክር ያው ድብልቅ፣ ግን ከ300ው ውስጥ 30 ግራሙ ተልባ። አሞሌ ጨው ለሁሉም ጉረኖው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ፋጉሎ ለምን? የእኛ አገር ድርቆሽ፣ በተለይ ዘግይቶ የታጨደው፣ ፕሮቲኑ ከመቶ 6 ወይም 7 ቢደርስ ነው። በበግ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ሣሩን የሚያፈራርሱት ረቂቅ ነፍሳት ደግሞ ከመቶ 7 በታች ሲሆን ራሳቸው ይራባሉ። እነሱ ሲራቡ ድርቆሹ ሆድ ውስጥ ይጎለታል። በጉ ሆዱ ሞልቶ ይከሳል። ፉርሽካ ከመቶ 16 አካባቢ፣ የኑግ ፋጉሎ 30 ገደማ ፕሮቲን አለው። ስለዚህ ፋጉሎ የሚቀልበው መጀመሪያ ጨጓራው ውስጥ ያሉትን ነው፤ በጉ የሚደርሰው ከእነሱ በኋላ ነው።

ጥር 24

የትል መድኃኒት ሁሉም ወሰዱ። ድብልቁን የጀመርኩት በ50 ግራም ነው፤ በየሁለት ቀኑ 50 እየጨመርኩ እወጣለሁ። ሣር ለምዶ የኖረ ጨጓራ አንዴ እህል ሲወርድበት ይኮመጥጣል።

ቀይ ክሮቹ ፋጉሎውን አሸተው ትተውት ነበር። ትንሽ ጨው ነሰነስኩበት። አሁን ገንዳውን ይልሳሉ።

የካቲት 2

ሞኝነቴን ልናዘዝ። ጠዋት ጉረኖ ስጠርግ አረንጓዴ ክሮቹ የተኙበት ቦታ በጠጡ ያብለጨልጫል። አንዱን በጣቴ ፈረከስኩት። ውስጡ ተልባ ነው። ሙሉ፣ ያልተነካ፣ ቢዘሩት የሚበቅል ተልባ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተልባዬን ከአንድ ጫፍ አስገብቼ በሌላው ስቀበል ነበር።

ፍሬው ትንሽና ሙልጭልጭ ስለሆነ በግ ሳያኝከው ያልፋል። መፍትሔው ቤታችን ውስጥ ነበር፤ እናቶቻችን ተልባን ቆልተው ይወቅጡታል። መቁላቱ ሌላም ጥቅም አለው። ጥሬ ተልባ ሲረጥብ መርዛማ ሳያናይድ ሊያወጣ የሚችል ነገር አለው፤ እሳት ሲነካው ያንን የሚቀሰቅሰው ኢንዛይም ይሞታል። ከዛሬ ጀምሮ ቆልቼ እወቅጣለሁ። ሽታው ግቢውን ሞላው። የጎረቤት ልጆች የሚጠጣ ተልባ መስሏቸው መጡ።

የካቲት 10

መጥፎ ቀን። ለቤት የተከካ ገብስ ጆንያ ጉረኖው በር አጠገብ ትቼ ነበር። ሌሊት አንዱ አረንጓዴ ክር ገመዱን በጥሶ አደረበት። ጠዋት ሳገኘው ራሱን ደፍቷል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ አያመሰኳም። ግራ ጎኑ ተወጥሯል። ስጫነው እንደ ተቦካ ሊጥ ይሰረጉዳል።

የእንስሳት ሐኪሙ እስኪመጣ በስልክ የነገረኝን አደረግሁ። ቤኪንግ ሶዳ በለብታ ውሃ በጥብጬ በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ በአፉ ጥግ፣ ትንሽ በትንሽ። ራሱን ብዙ ቀና ካደረጋችሁት ወደ ሳንባው ስለሚገባ ያፍናል። ውሃ ከለከልኩት፣ ድርቆሽ ብቻ አቀረብኩ፣ አንቀሳቀስኩት። ሲመሽ አንዴ አገሳ። እንደዚያ ደስ የሚል ግሳት ሰምቼ አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ማመስኳት ጀመረ። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው። ጆንያው አሁን ቆጥ ላይ ነው።

ከጋሼ ምርጫ አይደለም፤ እኔ የመረጥኩት ነው። አልነገርኳቸውም።

የካቲት 23

ዐቢይ ጾም ከገባ ሳምንት ሆነው። ከተማው ሥጋ ረስቷል። ለሚያደልብ ሰው ግን ጥሩ ጊዜ ነው፤ በጎቹ እስኪደርሱ ገበያውም ይቆያል።

35ኛ ቀን ሚዛን፦ ነጭ በአማካይ 1.5 ኪሎ ጨመሩ፤ ቀይ 2.4፤ አረንጓዴ 1.7። አረንጓዴውን ወደ ታች የጎተተው ገብስ የበላው ነው። ላት የለም ማለት ይቻላል። የቀዮቹ ላት ዙሪያ ከ25 ወደ 26 ነው የሄደው።

ይህ የሚጠበቅ ነው። ያላደገ እንስሳ መጀመሪያ አጥንቱንና ሥጋውን ይሠራል፤ ስብ መጨረሻ ነው የሚመጣው። ስብ ደግሞ ውድ ነው። ሥጋ ከአራት እጅ ሦስቱ ውሃ ስለሆነ ኪሎ ሥጋ መሥራት ለበጉ ቀላል ነው። ስብ ውስጥ ግን ውሃ የለም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም ከገንዳው የመጣ ጉልበት ነው። ስለዚህ መጀመሪያው ወር ላይ «አልወፈረም» ብሎ ተስፋ መቁረጥ ስህተት ነው። እጃችሁን ወገቡ ላይ አድርጉ። አከርካሪው ግራና ቀኝ የነበረው ጎድጓዳ እየሞላ ነው።

መጋቢት 3

ዝይ የለኝም፤ ዶሮ አለ። አራት አውራ ዶሮዎች ለፋሲካ ይቀለባሉ። ሁለቱ ስንዴና የበቆሎ ክክ፤ ሁለቱ ያው ሆኖ ከአሥር እፍኝ አንዱ የተወቀጠ ተልባ። ዶሮ እንደ በግ ዓይነት ጨጓራ የላትም። የዝይን ነገር ከበጉ ጎን ለጎን የማየው በእነሱ ነው።

መጋቢት 21

በልጉ ጀመረ። ጉረኖው ጨቀየ፤ በየቀኑ ገለባ እጎዘጉዛለሁ። እርጥብ ላይ የሚያድር በግ የበላውን ለሙቀት ያወጣዋል። ከፍታችን 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሌሊቱ ሚያዝያ አፋፍ ላይ እንኳ ቀልድ አያውቅም።

አረቄ የሚያወጡት እትዬ ጎረቤቴ አተላ ሰጡኝ። የደብረ ብርሃን አረቄ ስሙ ይወጣል እንጂ ስለ አተላው የሚያወራ የለም። ከእህሉ ስታርች አብዛኛው ወደ አልኮል ሄዷል፤ ፕሮቲኑ ግን እዚያው ቀርቷል። ትኩሱን ከመስጠት መቆጠብ ነው። አቀዝቅዤ ልሰጣቸው አሰብኩና ሙከራዬ ተበላሸ ማለት ነው ብዬ ለላማችን ሰጠሁ። እትዬ ተቀየሙ። «ለበግህ ብዬ እንጂ ለላምህ መቼ ሰጠሁህ?» አሉኝ።

63ኛ ቀን ሚዛን፦ ነጭ 2.3፤ ቀይ 4.7፤ አረንጓዴ 4.0 ኪሎ ጨምረዋል። የሚገርመው ሜትሩ ነው። የቀዮቹ ላት 30 ገብቷል። በአምስት ሳምንት አንድ ሴንቲ፣ ከዚያ በአራት ሳምንት አራት! ሥጋው ሞልቶ ወደ ላት ዞረዋል።

ሚያዝያ 9

የመጨረሻ ሚዛን፣ 81ኛ ቀን። ነጭ በአማካይ 2.8 ኪሎ፣ ቀይ 6.1፣ አረንጓዴ 5.4 ጨምረዋል። በቀን ሲካፈል 35፣ 75 እና 67 ግራም። የቀዮቹ ላት 33 ሴንቲ ሜትር ሆኗል።

ገብስ የበላውን አውጥቼ ሳሰላ አረንጓዴና ቀይ እኩል ናቸው። ተልባው ለክብደት ምንም አልጨመረም ማለት ነው። ወጪ ግን ጨምሯል። የቀይ ክር ፉርሽካና ፋጉሎ ለአንድ በግ 800 ብር አልሞላም። በአረንጓዴው ላይ ተልባው ሌላ 250 ብር ገደማ ጭኖበታል።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ ሹር

ስድስቱን ገበያ አወጣሁ። ቀዮቹ 11 ሺህና 11,500፣ አረንጓዴዎቹም እዚያው አካባቢ፣ ነጮቹ 8,500 እና 8,300።

አንድም ገዢ ስለ ሥጋው አልጠየቀኝም። ሁሉም ይመጣል፣ ወገቡን ይጫናል፣ ከዚያ ላቱን ከሥር በመዳፉ ከፍ አድርጎ እንደ ከረጢት ይመዝናል። ዋጋው የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው። ጋሼ አጠገቤ ቆመው «አላልኩህም? በእጅ ነው» አሉኝ። እኔም ደብተሬን አወጣሁ። የመረጧቸው በጎች ከእኔዎቹ በልጠው ወጥተዋል። ይህን እንኳ ነገርኳቸው።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ከየክሩ አንድ አንድ አስቀርቼ ነበር። አንዱ ለቤታችን፣ አንዱ ለአማቴ፣ አንዱ ከሁለት ጎረቤት ጋር በመዋጮ። ሦስቱንም አንድ ሰው ስላረዳቸው አቆራረጡ አንድ ዓይነት ነው።

ነጩ 20.1 ኪሎ ነበር፤ 8.1 ኪሎ ሥጋ ወጣው፣ ከመቶ 40 ማለት ነው። ቀዩ 24.2 ነበር፤ 10.7 ወጣው፣ ከመቶ 44። አረንጓዴው ከ23.6 ላይ 10.3 ሰጠ። ላታቸው 350፣ 900 እና 850 ግራም። የኩላሊት ስባቸው 60፣ 190 እና 170 ግራም።

በቀዩና በነጩ መካከል ያለው የ2.6 ኪሎ ልዩነት ውስጥ 550 ግራሙ ላት ነው። ከአምስት እጅ አንዱ መሆኑ ነው። ቀሪው በአመዛኙ እውነተኛ ሥጋ ነው። መጀመሪያ የቀለብኩት በብዛት ሥጋ ሆነ፤ ወደ መጨረሻው ግን ላቱ እየበዛ ሄደ። ጠብሶ ለሚበላ ሰው አሥር ሳምንት ይበቃል። ለገበያ ከሆነ ግን ያቺ የመጨረሻ ሁለት ሳምንት ናት ገዢውን የምታስቆመው።

አንድ ነገር ግን ሒሳቤን አንሻፈፈብኝ። የነጩ ጉበት ሲቆረጥ ውስጡ ጠባሳ ነው፤ ቧንቧዎቹ ደድረዋል። የጉበት ትል የድሮ ቤቱን ትቶ ነው የሄደው። ምናልባት ከመግዛቴ በፊት ረግረግ ላይ ግጦ ይሆናል። ስለዚህ የነጩ መክሳት ሁሉ የፉርሽካ ማነስ ነው ማለት አልችልም። ዱለቱም ቀረብን። ለፋሲካ ያለ ዱለት! የባለቤቴን ፊት ባታዩት ይሻላችኋል።

ጥብሱን ስንቀምስ የነጩ ሥጋ ደረቅና ጠንካራ ነበር። ቀዩና አረንጓዴው ለስላሳ ናቸው። ሁለቱን ግን ማንም መለየት አልቻለም። ዓይናችሁን ጨፍኑ ብዬ ለአምስት ሰው አቀመስኩ። አንዱም አልለየ።

ዶሮው ሌላ ወሬ ነው። ወጡ ላይማ በርበሬና ቅቤ ሁሉን ይደብቃል። እኔ ግን ከየወገኑ አንዳንድ ጭን በጨው ብቻ ቀቅዬ ነበር። የተልባዎቹን ጭን ሳቀርብላቸው አማቴ አንዴ ጎርሰው ቆም አሉ።

«ይሄ ዶሮ ሐይቅ ዳር ነው እንዴ ያደገው?»

ዓሣ ዓሣ ይላል። በተልባ የተቀለበ ዶሮ ሲበዛበት እንዲህ መሆኑን አንብቤ ነበር፤ አማቴ ግን ምንም አላነበቡም።

ሚያዝያ 13

አሁን ወደ ሲኒዎቹ። ትናንት ማታ አምስት ዓይነት ስብ ለየብቻ አቅልጬ በአምስት የቡና ሲኒ ቀዳሁ። ተራ ዶሮ፣ የተልባ ዶሮ፣ የቀዩ ላት፣ የአረንጓዴው ላት፣ የቀዩ ኩላሊት ስብ። መስኮት ላይ አሳደርኳቸው። የእኛ ሌሊት ከማቀዝቀዣ አይተናነስም።

ጠዋት በጣቴ ነካሁ። የኩላሊቱ ስብ እንደ ሻማ ነው፤ ጥፍር አይገባውም። የቀዩ ላት ለስለስ ያለ ነው፤ ስጫነው ምልክት ይይዛል። ላት ከኩላሊት ስብ ይልቅ ለስላሳ መሆኑ በማንኛውም ላታም በግ ያለ ነው። የአረንጓዴው ላት? ዓይኔን ጨፍኜ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ከቀዩ አልለይ አለኝ። ተራው ዶሮ እንደ ቅቤ ረግቷል። የተልባው ዶሮ ግን ሲኒውን ሳዘነብለው ቀስ ብሎ ፈሰሰ።

ያው ተልባ፣ ያው ሙቀጫ፤ ዶሮው ውስጥ እንዳለ አለፈ፣ በጉ ውስጥ ጠፋ። በበጉ ጨጓራ ያሉት ረቂቅ ነፍሳት ዘይቱን ከበጉ በፊት ይደርሱበታል። ሃይድሮጂን እየጨመሩ አብዛኛውን ወደ ጠጣር ስብ ይለውጡታል። ፋብሪካ ፈሳሽ ዘይትን ወደ ማርጋሪን ሲለውጥ የኖረበት ዘዴም ይኸው ነው። ዘይቱን አበዛለሁ ቢሉ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቅባቱ ከጠቅላላው መኖ ከመቶ 6 ገደማ ሲያልፍ እነዚያኑ ነፍሳት ያፍናቸውና የድርቆሹ መፈጨት ይቀንሳል።

ዝይ የሚቀልቡ ሰዎች ስቡ ሲለሰልስ ቶሎ እንዳይመር መኖው ላይ ቫይታሚን ኢ የሚጨምሩት አሁን ገባኝ። የሚፈሰው ስብ አየር ሲያገኘው ቶሎ ይበላሻል። የበጉ ላት ግን ሳምንት ቢያድር ግድ የለውም።

ሚያዝያ 18

ለሚቀጥለው ዙር አራት ጠቦት ገዛሁ። በዚህ ዙር ተልባ የለም፤ ፉርሽካና ፋጉሎ ብቻ። ሁለቱን በአሥረኛው ሳምንት፣ ሁለቱን በአሥራ ሦስተኛው አወጣለሁ። የጉበት ትል መድኃኒት በመጡበት ቀን ወስደዋል። መራጩ ጋሼ ናቸው፤ እኔ ገመድ ያዥ ነበርኩ። የእትዬ አተላም ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ለሁለቱ ይገባል፤ ታርቀናል።

ሲኒዎቹን በተመለከተ ባለቤቴ እስካሁን አልታረቀችኝም። በእንዶድ፣ በአመድ፣ በፈላ ውሃ ታጥበዋል። ትናንት እንግዳ መጥቶ ቡና ሲቀዳለት አሸት አደረገና «ጠጅ ሳር ነው ያጨሳችሁት ወይስ ላት?» አለ።